የሐሙስ ዳዊት

ከሚሴ ከመጣሁ ጀምሮ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ አዛን ነው። አገሬ ጎጃም፣ ደጋው ላይ፣ ከብርድ ልብስ ለመውጣት ከራስ ጋር መጣላት ነበር፤ እዚህ ሙቀቱ ራሱ ገፍቶ ያስነሳል፣ የቀረውን መስጊዱ ይጨርሰዋል። ከዋናው ቤት የአከራዬ የፕላስቲክ ጫማ ይሰማኛል፤ ከዚያ ለውዱ የምታፈሰው ውሃ፤ ከዚያ ጸጥታ። እኔም ፊቴን ታጥቤ፣ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ የዕለቱን ዳዊት እገልጣለሁ። እሷ ወደ ኮምቦልቻ አቅጣጫ ዞራ ትሰግዳለች፤ እኔ ወደ ፀሐይ መውጫ፣ በረሃውን ይዞ ወደሚሄደው ምሥራቅ ዞሬ እቆማለሁ። በመካከላችን አንድ የጭቃ ግድግዳ አለ። ድምፄን ዝቅ ባደርገውም እንደምትሰማኝ አውቃለሁ። የዘገየሁ ቀን ግድግዳውን በጣቷ ኳ ኳ ታደርገዋለች።

አባቴ ገበሬ ነበር፤ ካህን አልነበረም። ግን ዳዊቱን ሳይደግም እርፍ አይጨብጥም። ዳዊት ለሳምንቱ ቀኖች ተከፍሎ የተሰጠ ነው፤ የሰኞው ለሰኞ፣ የሐሙሱ ለሐሙስ። ሲያስተምረኝ ደጋግሞ የሚለኝ፣ ቀኑ የሰጠሽን ተቀበይ እንጂ ደስ ያለሽን አትልቀሚ ነበር። ሌላም ልማድ አውርሶኛል። ንባቡ ሲያልቅ መጽሐፉን ዘግቼ ከተነበበው አንድ ነገር ብቻ እይዛለሁ፤ እሷን በራሴ አማርኛ ወደ ልመና እለውጣታለሁ። ስለ ጥማት ከተነበበ ቧንቧ ላጡት፣ ስለ ሐሰተኛ ምስክር ከተነበበ ፍርድ ቤት ለሚንከራተቱት። ጥሩ ነገር ያልሰጠኝ ቀንም አለ። ያኔ ያንኑ ደረቅ ቃል ይዤ እወጣለሁ።

ሥራዬ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ጨፋ ሸለቆ ወባማ ስለሆነ ቀኑን የምጨርሰው በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ፣ በመስታወት ላይ የተቀባ ደም ስመለከት ነው። ምንም ካላገኘሁ የምጽፈው «የለም» ብዬ አይደለም፤ «አልታየም» ብዬ ነው። እንዲህ ነው የተማርነው። ያላየሁትን የለም ለማለት እኔ ማን ነኝ።

አከራዬን እትዬ ነው የምላት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ትልልቆቹ ልጆቿ ትዳር ይዘው ወጥተዋል። እሷ እኔን ሼኳ ትለኛለች፤ ሴት ሼህ ማለቷ ነው። ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ «አካም ቡልቴ ሼኳ፣ ዛሬስ ለእኛ ምን ወጣልን?» ትላለች፤ እኔም «ነጋ» ብዬ በዚያች በተማርኳት አንድ የኦሮምኛ ቃል ሰላም ማደሬን ነግሬ፣ የያዝኩትን ነገር እነግራታለሁ። አንዳንዴ ትነቅፈዋለች። አንድ ቀን ስለ ጠላቶች ጥርስ መሰበር የተነበበውን ብነግራት፣ ይኸንማ ለአማቼ አስቀምጭልኝ ብላ ስቃ ሄደች።

ግቢው ውስጥ የቀረችው የመጨረሻ ልጇ ነበረች። ትምህርት ጨርሳ ሥራ የምትፈልግ፣ ሳቂታ፣ ሰው ማስመሰል የምትችል ልጅ። እኔን እታለም እያለች ትጠራኛለች። ነጠላዬን ከገመድ ላይ አንስታ እንደኔ አጣፍታው፣ እንደኔ አንገቷን ደፍታ፣ ከአፏ የማይወጣ ነገር ታንሾካሹክ ነበር። እናቷ ተይ አንቺ፣ የሰው ሃይማኖት መቀለጃ አይደለም ትላታለች፤ እሷ ደግሞ፣ እኔ በእታለም ነው እንጂ በሃይማኖቷ አልቀለድኩም ብላ ትመልሳለች። እውነቷን ነበር። በአረማመዴም ትቀልድ ነበር።

አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች። ማታ አልተመለሰችም። ከእሷ ጋር የሰፈራችን ሁለት ልጃገረዶችም እንደሌሉ ሲታወቅ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። እዚህ አገር ልጅ ሲጠፋ የት ሄደ ተብሎ አይጠየቅም፤ የት ደረሰ ነው የሚባለው። በረሃውን አቋርጦ ባሕሩ ዳር፣ ከባሕሩ ማዶ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ። ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፣ መንገዱን ያየው የተመለሰ ብቻ ነው።

ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለች። እናቷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ስታዳምጥ እኔ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። ልጅቷ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ እንሻገራለን፣ ዱዓ አድርጊልኝ፣ እታለምንም ዱዓ ታድርግልኝ በያት ብላ ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ጥሪ አይቀበልም።

ማሽላው ገና ማሳ ላይ ሳለ ወሬው መጣ። ጀልባ ተገልብጧል። የትኛው ጀልባ፣ መቼ፣ እነማንን ይዞ፣ የሚያውቅ የለም። ባጃጅ ነጂዎቹ ከተሳፋሪ ሰሙ፣ ተሳፋሪው ከጅዳ ከተደወለለት ሰው ሰማ። እናትየው ያን ቀን ስልኩ ላይ ስትደውል ዋለች። በማግስቱ ጠዋት ግን ግድግዳውን ኳ ኳ አላደረገችም፤ በሬን ራሷ አንኳኳች።

«ያንችንም ቅሪላት» አለችኝ። «የኛን እኛ እንቀራለን። አንቺ ያንችን ቅሪላት።»

እኛ ዳዊት መድገም የምንለውን እሷ መቅራት ትለዋለች፤ ቁርኣን እንደሚቀራ። እሽ እትዬ አልኳት። እሽ ማለቱ ቀላል ነበር። በር ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። እኛ ሰውን በጸሎት ስናስብ በክርስትና ስሙ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ስም ስንሰጥ፣ ለታመመም ለሞተም፣ ካህኑ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስመ ክርስትናው ማን ነው ብሎ ነው። ይቺ ልጅ የላትም። በቤቷ ስሟ ብጠራት ጸሎቱ ጎደሎ ይሆን እንደሆነ፣ ዝም ብዬ «ያቺ ልጅ» ብላትስ አድራሻ እንደሌለው እቃ መንገድ ይቀር እንደሆነ ስጨነቅ ዋልኩ። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ እንደ ሞኝ ጥያቄ አልቆጠሩብኝም። መንገደኛ ስመ ክርስትናው አይጠየቅም ልጄ፣ አሁን ስንቀድስ በባሕር ስለሚሄዱት ስንለምን ማንን ማንን ብለን ለየን አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እናቷ በምትጠራት ስም ጠራኋት።

እንዲህ ሳምንቱን ሁሉ የዕለቱ ንባብ ወደ እሷ ብቻ ይሄድ ጀመር። ማክሰኞ ስለ ክፉ ጎረቤት ቢነበብ ደላላውን አስባለሁ። ዓርብ ዓይንን ወደ ተራራ ስለማንሳት ቢነበብ፣ በባሕር ላይ ደግሞ የምን ተራራ አለ እላለሁ። ፊቴን የማዞርበት ምሥራቅ እሷ የሄደችበት ነውና፣ ፀሐይዋ ከጋራው ብቅ ስትል ቀድማን አይታታለች ብዬ እቀናባት ነበር። ሥራ ቦታም በማይክሮስኮፑ ውስጥ አንድ ነገር ካላገኘሁ መስታወቱን ደግሜ ደግሜ አያለሁ። አብራኝ የምትሠራዋ፣ አንቺ ሴትዮ ወባ በልመና አይገኝም አለችኝ።

ሐሙስ ሐሙስ በእትዬ ቤት የሴቶች ዱዓ አለ። ቀኑ ዘንበል ሲል፣ ከአሱር ሰላት በኋላ፣ ጎረቤቶቿ ይመጣሉ፤ ጫቱ በመሃል ይቀመጣል፤ የዱዓው መሪ የሆኑት አሮጊት በኦሮምኛም በአማርኛም እየቀላቀሉ ይመርቃሉ፣ ሌላው መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል። እኔ ከበፊትም እጠራ ነበር። ከምንጣፉ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ፣ ጫቱን አልነካም፣ ስለ ሰላምና ስለ ዝናብ ሲባል አሜን እላለሁ፤ የማላውቀው ሲመጣ ዝም እላለሁ። ማንም አይቆጥርብኝም። ያን ሐሙስ ግን አሮጊቷ መርቀው ሲጨርሱ እትዬ ወደ እኔ ዞረችና መጽሐፍሽን አምጭው አለች። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እዚሁ ቅሪው፣ እኔም ልስማው።

ፈራሁ። በሰው ፊት ደግሜ አላውቅም። ደግሞ ሐሙስ ነው፣ የሐሙስ ክፍል ረጅም ነው። ወደ ባሕር በመርከብ ስለሚወርዱት፣ ማዕበሉ ወደ ሰማይ አንስቶ ወደ ጥልቁ ስለሚጥላቸው፣ ጮኸው ስለሚለምኑትና ወደ ጸጥተኛው ወደብ ስለሚደርሱት የሚናገረው በዚሁ በሐሙስ ውስጥ ነው፤ ግን መጨረሻው አካባቢ ነው። እዚያ ለመድረስ ከዳዊት ሁሉ የጨለመው መዝሙር በፊት ይገኛል፤ በጨለማ ጀምሮ በጨለማ የሚያልቀው፣ ወዳጅ ሁሉ የራቀበት ሰው የሚጮኸው። ባሕሩን ብቻ አንብቤ ልነሳ ይቻለኝ ነበር። የአባቴ ቃል ግን እጄን ያዘው። ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

ዳዊቴ የአማርኛው ስለሆነ ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ጨለማው መዝሙር ላይ ስደርስ አንዲቱ አለቀሰች፤ ሌሎቹም ተከተሏት፣ ድምፅ የሌለው ልቅሶ። እኔ ንባቡን አላቋረጥኩም። ሙቀት ስለነበር የግቢው በር ክፍት ነው።

በዚያ በር በኩል አንዲት የጽዋ ማኅበርተኛዬ ታልፋለች። በርበሬና ሽንኩርት የምትሸጥ፣ ልቧ እንደ ቅቤ የሆነች ሴት ናት፤ ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። የጀልባውን ወሬም ሰምታለች። እንግዲህ በእሷ ቦታ ሆኖ ማየት ነው። ዳዊት ጠዋት ይደገማል እንጂ ከሰዓት በኋላ በሰው መሃል ጮክ ተብሎ የሚደገመው እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ነው፤ አስከሬን አጠገብ። እዚህ ደግሞ በእስላም ቤት፣ አንገታቸውን ደፍተው የሚያለቅሱ ሴቶች፣ ከመሃላቸው የእኔ ድምፅ። ሌላ ምን ታስብ። ሳትጠይቅ ወደ ቤቷ ሄደች፣ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ለበሰች፣ ሁለት ጎረቤቶቿን ይዛ እያለቀሰች ገባች።

እኔ ባሕሩ ላይ አልደረስኩም ነበር። ቀና ስል እትዬን አየኋት። የምታየው የሴትዮዋን ፊት አልነበረም፤ የነጠላውን ጥለት ነበር። ተነስታ ቆመች፣ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተደፋች። ያወጣችውን ድምፅ እዚህ መጻፍ አልችልም። ሰፈሩ ሰምቶት መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ማስረዳት ነው። ማኅበርተኛዬ ደረቷን እየመታች ማንም አልነገረኝም፣ ድምፁን ሰምቼ ነው፣ ችኩል ሴት ነኝ አለች። እኔ በእትዬ ትእዛዝ እንደደገምኩ ተናገርኩ። አሮጊቷም መሰከሩ። እትዬ ግን እያንዳንዳችንን ተራ በተራ እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም። ሰው በሩቅ ሲሞት ዘመድ ተሰብስቦ ይደብቃል፤ ሽማግሌ እስኪመረጥ፣ ቀን እስኪቆረጥ፣ ደህና ነው፣ ሰላም ነው፣ ትናንት ደውሏል ይባላል። ጎጃምም ወሎም፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነው። መደበቅ ጨዋነት ነው። ስለዚህ ሰዉ የሞተ የለም ብሎ በማለ ቁጥር እያጸናባት ሄደ። ዝም ብንልም ያው ነው።

ቅዳሜ የእትዬ ወንድም ከጨፋ ሮቢት መጣ። አዝመራውን ትቶ፣ አቧራ እንደለበሰ። በር ላይ ሳለ ለልቅሶ የመጡትን ሰዎች ላልሞተ አይለቀስም፣ ተበተኑ ብሎ ገሰጻቸው፤ እህቱ ፊት ቁጭ ብሎ ወላሂ አለ፣ በእናቱ መቃብርም ማለ። እሷ ውሃ አቅርባለት፣ ለመንገዱ አመስግናው፣ አንተም ታውቅ ነበር አለችው። ወንድምየው ወደ ጓሮ ወጥቶ ግንቡን ተደግፎ ቆመ። ሰው አጽናንቶ የሚኖር ሰው ነው፤ ያን ቀን እጁን የሚያደርግበት አጣ።

እሑድ ማለዳ ዳዊቱ ተደግሞ ሲያልቅ ግድግዳው ኳ ኳ አለ። ሄድኩ። ከመስገጃዋ ላይ አልተነሳችም።

«አንቺ አትምይም» አለች። «ስትምይ ሰምቼሽ አላውቅም። ውሸትም አትናገሪም። ሞታለች?»

አልሞተችም ማለት ፈለግሁ። ሰው ሁሉ የሚለው ነው፤ ኃጢአትም አይሆንብኝ ይሆናል። ግን ያላየሁትን እንዴት ብዬ።

«አላውቅም እትዬ» አልኳት።

አላውቅም የሚደብቁ ሰዎች ሁሉ የሚሉት ቃል መሆኑን ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያሰብኩት። እሷ ግን ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ከዚያ ዓይኗን ወደ ምንጣፉ መለሰች። አመነችኝ መሰለኝ። ማመኗ ደግሞ የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም ፊቷ ሲረጋጋ ሳይሆን እንደገና ሲጨነቅ አየሁት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለሰው አታውሪ» አለች። «ያቺ ሴትዮ ነጠላዋን ገልብጣ ስትገባ፣ ለአንድ አፍታ ዐረፍኩ። አለቀ ብዬ። ልጄ ከእንግዲህ አትጠማም፣ ማንም አይመታትም ብዬ። አላህ ይቅር ይበለኝ። አሁን ያንን ዕረፍት ወሰዳችሁብኝ፣ ተስፋውንም አልመለሳችሁልኝም።»

አብሬያት ተቀመጥኩ። ያን ዕለት የያዝኩት የንባብ ነገር ምን እንደነበረ አላስታውስም፤ ብዙ ጊዜ የማልረሳ ሴት ነኝ። ከዚያ ጠዋት በኋላ ስጸልይ አፌ ይያያዛል። በሰላም መልሳት እላለሁ፣ እናትየው የማትችለውን መጠበቅ የማራዝምባት ይመስለኛል። ቁርጡን አሳውቃት እላለሁ፣ ምን እየለመንኩ እንደሆነ ገብቶኝ ቃሉን መልሼ መሰብሰብ ያምረኛል።

ሐሙስ ደግሞ መጣ። ዱዓ አይኖርም ብዬ ነበር፤ ሴቶቹ ግን ከአሱር በኋላ እንደ ወትሮው ገቡ። ማኅበርተኛዬም መጣች፤ ልትቀር ነበር፣ እትዬ ራሷ ልካ አስጠራቻት። ምንጣፉ ላይ እንደተከሰሰ ሰው ትንሽ ሆና ስትቀመጥ እትዬ አየቻትና፣ አንቺ ሴትዮ ሁለተኛ ሳትጠይቂ እንዳታለቅሺ አለቻት። ሁለት ሦስት ሴቶች በመሀረባቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ሳቅ ነበር።

አሮጊቷ መዳፋቸውን ዘርግተው ቆዩ፤ አልጀመሩም። ለመንገደኛ የሚባለው ሌላ ነው፣ ለሞተ የሚባለው ሌላ። ወደ እትዬ ጠጋ ብለው ምን ልበል ልጄ አሏት።

«ሁለቱንም ይበሉ» አለች።

አሮጊቷ በኦሮምኛ ረቢ ነጋን ኢሼ ሃ ገልቹ አሉ፤ ጌታ በሰላም ያግባት ማለት ነው። አሚን ተባለ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ወደ ራስህ ወስደሃት እንደሆነም እዘንላት አሉ። አሚን የሚለው ዘግይቶ፣ ከአንዲት ሴት አፍ ወደ ሌላዋ እየዞረ መጣ። እኔም አልኩ፤ ለመጀመሪያውም ለሁለተኛውም፣ እናትየው እንደፈለገችው።

ያንችን ቅሪ አለችኝ ቀጥላ። ማኅበርተኛዬ ተነስታ የግቢውን በር ዘጋችና ተመለሰች። መጽሐፉን ገለጥኩ፣ ከሐሙስ መጀመሪያ ጀመርኩ። ጨለማው ላይ ስደርስ ማንም አላለቀሰም፤ ሰው ደክሞታል። እትዬ ግድግዳውን ተደግፋ፣ መቁጠሪያዋን በጭኗ ላይ ይዛ ታዳምጣለች። ከዚያ ጭንቅላቷ ወደ ትከሻዋ ዘንበል አለ። ልጅቷ ከሄደች ወዲህ ቀን ዓይኗን ስትከድን አላየናትም። አሮጊቷ በጣታቸው አፋቸውን ዘግተው ለሁላችንም ምልክት ሰጡ፤ ሴቶቹ አንድ በአንድ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ።

ባሕሩ ጋ የደረስኩት እሷ እንደተኛች ነው። እንድትሰማው የፈለግሁት እሱን ነበር፤ ልቀስቅሳት አልቀስቅሳት ብዬ አመነታሁ። አፏ በትንሹ ተከፍቷል፣ እጇ መቁጠሪያውን ለቆታል። ማዕበሉንም ወደቡንም በከንፈሬ ብቻ አነበብኳቸው፤ መጽሐፉን ዘግቼም አልተነሳሁም፣ ብንቀሳቀስ ትነቃ እንደሆነ ብዬ።